ኢንቨርተሩ በጠፋ ጊዜ አስቀድሞ ባትሪው ይመርመር

ከዋናው የኤሌክትሪክ መስመር ርቀው በሚገኙ ቀበሌዎች የጤና ኬላ መብራት፣ የትምህርት ቤት ኮምፒዩተር፣ የማኅበር ጽሕፈት ቤትና የመጠጥ ውኃ ማውጫ ሞተር ከፀሐይ በሚገኝ ኃይል ሲሠሩ ማየት አዲስ ነገር አይደለም። በአገራችን ከመጀመሪያዎቹ የመንደር የፀሐይ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ 10.5 ኪሎ ዋት ጉልበት ኖሮት እ.ኤ.አ. በ1985 በሚቶ መንደር ተተክሏል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው ሁለተኛው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ አቅርቦት ፕሮግራምም ከሕዝቡ 35 ከመቶ ያህሉ ከዋናው መስመር ውጭ በሆነ መንገድ ኃይል እንዲያገኝ አቅዶ ነበር።

መሣሪያው ከተተከለ በኋላ የሚጠበቀው በማኅበሩ ነው። ችግሩም የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። አንድ ምሽት መብራቱ ድርግም ይላል፤ የባትሪውን ኃይል ወደ 220 ቮልት የሚለውጠው ኢንቨርተር ይጮኻል፤ ቀይ መብራት ያሳያል። ኮሚቴው «ኢንቨርተሩ ተቃጠለ» ብሎ ከአባላት ገንዘብ ያሰባስባል፣ አዲስ ይገዛል። አዲሱም በዚያው ሰሞን እንደ አሮጌው ይጠፋል። ገንዘቡ ወጥቶ፣ በጤና ኬላው ምጥ የያዛት እናት በኩራዝ ብርሃን ትገላገላለች። እንዲህ ያለው ኪሳራ የሚደርሰው ሕመሙ ያለበትን ቦታ ሳይለዩ መድኃኒት በመግዛት ነው።

ኢንቨርተሩ ለምን ይጠፋል?

ኢንቨርተር የሚጠፋው ሁልጊዜ ስለተበላሸ አይደለም። ለ12 ቮልት የተሠራው ኢንቨርተር አብዛኛውን ጊዜ የሚደርሰው ኃይል ወደ 10.5 ቮልት ሲወርድ ራሱን ያጠፋል። ይህን የሚያደርገው ባትሪው ተሟጦ እንዳይሞት ነው። ስለዚህ መጥፋቱ ብዙ ጊዜ ግዴታውን መወጣቱ ነው። መጠየቅ ያለበት ቮልቱ የወረደው የት ላይ ነው የሚለው ነው።

ይህንን ለማወቅ «ቴስተር» የሚባለው የቮልት መለኪያ ይበቃል። ምርመራው ሁለት ደረጃ አለው።

የመጀመሪያው ባትሪው ባረፈበት ጊዜ የሚደረግ ነው። ሌሊቱን ኢንቨርተሩና ሌላውም መብራት ሁሉ ጠፍቶ ያድርና፣ ከማለዳው 12 ሰዓት ገደማ ፀሐይ ፓኔሉን ሳታገኘው የባትሪው ሁለት ጫፎች ይለካሉ። አሲድ ያለበት ባለ 12 ቮልት ባትሪ 12.7 ገደማ ካሳየ ሞልቷል፤ 12.2 ገደማ ካሳየ ግማሽ ላይ ነው፤ ከ11.9 በታች ከሆነ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ሁለት ባትሪዎች ተቀጣጥለው 24 ቮልት በሚሰጡበት ቦታ እያንዳንዱ ለየብቻው ይለካ። አንዱ ደካማ ከሆነ ሌላውን ይዞት ይወርዳልና።

ሁለተኛው ጭነት ባለበት ጊዜ የሚደረግ ነው። ኢንቨርተሩ በርቶ መብራቱ ወይም ማቀዝቀዣው እየሠራ፣ መጀመሪያ የባትሪው ጫፎች፣ ቀጥሎ የባትሪው ሽቦ ኢንቨርተሩ ውስጥ የሚገባበት ቦታ ይለካል። ውጤቱ ከሦስት አንዱ ይሆናል።

አንደኛ፣ የባትሪው ጫፍ ራሱ በጣም ከወረደ ጥፋቱ የባትሪው ነው። ወይ አልሞላም፣ ወይ አርጅቷል። ጠዋት ጥሩ ቮልት አሳይቶ ጭነት ሲነካው ወዲያው የሚወድቅ ባትሪ ያረጀ ነው።

ሁለተኛ፣ ባትሪው ላይ ደኅና ሆኖ ኢንቨርተሩ መግቢያ ላይ ከግማሽ ቮልት በላይ ከቀነሰ ጥፋቱ በመካከል ነው፤ የላላ ቡሎን፣ የዛገ ጫፍ፣ የቀጠነ ሽቦ ወይም የተቃጠለ የፊውዝ መያዣ ይፈለግ። ይህ ቀላል መስሎ ይታይ ይሆናል። ነገር ግን 600 ዋት የሚወስድ ጭነት በ12 ቮልት ላይ 50 አምፔር ይስባል። በላላ ማያያዣ ላይ ከኦም መቶ እጅ ሁለቱ ብቻ እንቅፋት ቢኖር 1 ቮልት ይጠፋል፤ 50 ዋት ያህልም ሙቀት ሆኖ ሽቦውን ያቃጥላል። መድኃኒቱ ጫፉን ማጽዳት፣ ቡሎኑን ማጥበቅና ቫዝሊን መቀባት ነው። አዲስ ኢንቨርተር አያስፈልግም።

ሦስተኛ፣ በሁለቱም ቦታ ቮልቱ ደኅና ሆኖ ኢንቨርተሩ ከጠፋ፣ ጭነቱ ከአቅሙ በላይ እንደሆነ ወይም እንደጋለ ይታይ። የማቀዝቀዣና የውኃ ሞተር ሲነሣ ከወትሮው ብዙ እጥፍ ኃይል ይስባል። ጭነቱን ሁሉ አላቅቀው በአንዲት አምፖል ብቻ ሲሞክሩትም የማይሠራ ከሆነ፣ ያን ጊዜ ኢንቨርተሩ ታሟል ማለት ይቻላል።

የመለኪያው ቁጥር ሲያሳስት

በአንዳንድ ቦታ የባትሪውን ይዞታ በመቶኛ የሚያሳይ መለኪያ ተገጥሟል። መለኪያው 80 ከመቶ እያሳየ መብራቱ ሲጠፋ ሰው ግራ ይጋባል። ይህ መለኪያ የሚገባውንና የሚወጣውን አምፔር እየቆጠረ ሂሳብ የሚይዝ ነው። የሚቆጥረውም በነጌቲቩ ሽቦ ላይ በተገጠመው ሻንት በሚባለው ቁራጭ በኩል የሚያልፈውን ብቻ ነው። አንድ ሰው የቴሌቪዥን ወይም የስልክ መሙያ ሽቦ በቀጥታ ከባትሪው ነጌቲቭ ጋር ቢያስር መለኪያው ያንን አያየውም። በጓሮ በር እህል እየወጣ የጎተራው መዝገብ ሙሉ ነው እንደማለት ነው። ስለሆነም ከባትሪው ነጌቲቭ ላይ የሚነሣው ሽቦ ወደ ሻንቱ የሚሄደው ብቻ መሆን አለበት።

ሌላው ምክንያት እርጅና ነው። ሲገዛ 200 አምፔር ሰዓት የነበረው ባትሪ አርጅቶ ወደ 120 ቢወርድም መለኪያው በ200 ማስላቱን ይቀጥላል። በቻርጅ መቆጣጠሪያው ላይ ያሉት አረንጓዴና ቀይ መብራቶችም ቢሆኑ ቀን ፀሐይ እየሞላች ሳለ ሁልጊዜ «ሙሉ» ሊሉ ይችላሉ። እውነተኛው ምስክር የማለዳው ቮልት ነው።

ሊትየም በሚባለው አዲስ ዓይነት ባትሪ ግን ይህ የቮልት ሂሳብ አይሠራም። ቮልቱ እስኪያልቅ ድረስ 13.2 ገደማ ላይ ይቆያል። ሲያልቅም በውስጡ ያለው መከላከያ ስለሚዘጋው ቴስተሩ ምንም ላያሳይ ይችላል። ሞተ ተብሎ እንዳይጣል፤ ለእርሱ በሚስማማ መሙያ ሲሞላ ሊነቃ ይችላል።

ባትሪን የሚገድለው ምንድን ነው?

አሲድ ያለበት ባትሪ ዕድሜው የሚያጥረው ከግማሽ በታች እየተሟጠጠ ሳይሞላ ሲቆይ ነው። በዚህ ጊዜ ጨው የመሰለ ነገር ሳህኖቹን ይሸፍንና ኃይል መያዝ ያቅተዋል። በክረምት ደመና ሲበዛ ከፓኔሉ የሚገኘው ስለሚቀንስ ቴሌቪዥንና የስልክ መሙላት ቀንሶ ለጤና ኬላው ማስቀደም ይገባል። በበጋ ደግሞ የፓኔሉ አቧራ ይጠረግ። ሙቀትም ጠላት ነው፤ ባትሪው ከ25 ዲግሪ በላይ በ10 ዲግሪ በጋለ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ በቆላ ቀበሌዎች ባትሪው ጥላና ነፋስ ያለበት ቤት ይቀመጥ። ክዳን ያለው ባትሪ ሲጎድል የሚጨመርበት የተጣራ የባትሪ ውኃ ብቻ ነው። የምንጭ ውኃም ሆነ አሲድ አይጨመርም። አዲስ ባትሪ ከአሮጌ ጋር ማጣመርም አዲሱን ማባከን ነው።

ጥንቃቄ

ባትሪ ሲሞላ የሚፈነዳ ጋዝ ስለሚያወጣ ክብሪትና ሲጋራ አይቅረበው። ሠራተኛው ቀለበትና ሰዓት ያውልቅ። ለጥገና መጀመሪያ የፓኔሉ ሽቦ ከመቆጣጠሪያው ይነቀል፤ የባትሪው ሽቦ ከዚያ በኋላ ይነቀላል፤ ከባትሪው ጫፎችም ነጌቲቩ ይቅደም። አሲድ ዓይን ከነካ ከ15 ደቂቃ ላላነሰ ጊዜ በብዙ ንጹሕ ውኃ ታጥቦ ወደ ጤና ጣቢያ ይኬድ። የኢንቨርተሩ 220 ቮልት ሰው ይገድላል፤ ሣጥኑን መክፈት የባለሙያ ሥራ ነው።

የማኅበሩ ድርሻ

የማኅበር መሪዎች በሚቀጥለው ስብሰባ ሦስት ነገሮችን ቢወስኑ ብዙ ወጪ ይድናል። ሁለት ሰዎች ተመርጠው ኃላፊነቱን ይውሰዱ። አንድ ደብተር ተከፍቶ የማለዳው ቮልት፣ የተጨመረው ውኃና የጠፋበት ቀን ይመዝገብ። ባትሪ ማርጀቱ ስለማይቀር ከተጠቃሚው በየወሩ ጥቂት ብር ይቀመጥ። ኢንቨርተር ይገዛ የሚል ሐሳብ ሲቀርብም ገንዘብ ያዡ አስቀድሞ ደብተሩንና የሁለቱን ምርመራዎች ውጤት ይጠይቅ።