ሞርሞኖች በኢትዮጵያ
በተለምዶ ሞርሞን የሚባሉት የኋለኛው ቀን ቅዱሳን የኢየሱስ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን አባላት ናቸው። ቤተ ክርስቲያኗን ጆሴፍ ስሚዝ በ1830 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ መሠረተ። ከኢትዮጵያ ጋር ያስተዋወቃት የ1977ቱ ረሃብ ነው፤ አባላቱ በጥር 1985 እ.ኤ.አ. ጾመው ከ6 ሚሊዮን ዶላር በላይ አዋጡ። በ1993 እ.ኤ.አ. ሕጋዊ ዕውቅና አገኘች።

የልዩነቱ ሥር ሥላሴ ነው። ሞርሞኖች አብ፣ ወልድና መንፈስ ቅዱስ በዓላማ አንድ እንጂ በባሕርይ አንድ አምላክ አይደሉም፣ አብም ሥጋና አጥንት አለው ይላሉ። ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ከሮም የተለየችው በኬልቄዶን (451) ሲሆን ከሞርሞኖች ጋር ግን ገና በኒቅያ (325) አትገናኝም፤ ይህ ከሁሉ የሰፋው ገደል ነው። 81 መጻሕፍት ብትቀበልም መጽሐፈ ሞርሞን ከእነዚያ የለበትም።

ከ2018 እ.ኤ.አ. ወዲህ መሪዎቹ «ሞርሞን» የሚለው ቅጽል ቀርቶ የክርስቶስ ስም ያለበት ሙሉ መጠሪያ እንዲነገር አሳስበዋል። የጥምቀቱ ጉዳይ ግን እንዳለ ነው፦ ካቶሊክ ጥምቀታቸውን በ2001 እ.ኤ.አ. ዋጋ የለውም አለች፤ እነሱም ከሌላ ቤተ ክርስቲያን የመጣውን እንደገና ያጠምቃሉ።