የዱከሙ እራት

 

ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ በነባሩ መንገድ የሚጓዝ ሰው 37 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄደ ዱከምን ያገኛታል። ቻይናውያን ባለሀብቶች ያቋቋሙት የምሥራቅ ኢንዱስትሪ ዞን የሚገኝባት ከተማ ናት። ብዙው ሰው የሚያውቃት ግን በሥጋዋ ነው። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ሥጋ ቤቶች ተደርድረዋል፤ ሻኛውና ጎድኑ ተሰቅሎ ይታያል፤ የጥብሱ ሽታ መንገደኛውን ከመኪናው ያስወርደዋል። በ2007 ዓ.ም የአዲስ አበባ - አዳማ የፍጥነት መንገድ አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ ብዙ ተሽከርካሪ ከተማዋን በጎን ቢያልፋትም፣ ሥጋ ሊበላ ብሎ ከአዲስ አበባ የሚወጣው ሰው አልቀረም።

በእንዲህ ያለች ከተማ አንድ ሙስሊም ቤተሰብ እራት ቢጋበዝ ምን ይበላል? ጥያቄው ለሰሚው ትንሽ ይመስላል። ይሁን እንጂ የጓደኝነት፣ የጉርብትና፣ ከዚያም በላይ የልጆች አስተዳደግ ጥያቄ ነው።

እንደሚታወቀው በአገራችን ልማድ ሙስሊሙ ክርስቲያኑ ያረደውን፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙ ያረደውን አይበላም። ሥጋ ቤቶች በመስቀልና በጨረቃ ምልክት የሚለዩት ለዚሁ ነው። የመጽሐፉ ሰዎችን ምግብ በተመለከተ በአል-ማኢዳ ምዕራፍ የተነገረውን ዑለሞቻችን በስፋት ያብራሩታልና ለእነርሱ እንተወዋለን። የእኛ ርዕስ ሌላ ነው። አባቶቻችን ይህ ልዩነት ሰውን ከሰው እንዳይለይ ዘዴ ነበራቸው። በወሎም ሆነ በሌላው አካባቢ ክርስቲያኑ ሲደግስ በጉን ወይም ወይፈኑን ከነሕይወቱ ለሙስሊም ጎረቤቱ ይሰጣል፤ ጎረቤትየው በቢስሚላህ አርዶ፣ በራሱ ድስት አሠርቶ ሙስሊሙን እንግዳ ያስተናግዳል። ሙስሊሙም ሲደግስ ለክርስቲያን ጎረቤቱ እንዲሁ ያደርጋል።

ይህ የሰፈር ዘዴ በትልቅ ሆቴል ደጃፍ ሲፈተን ያየነው ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። አብረውን የሚያስተምሩ አንድ አንጋፋ ክርስቲያን መምህር ጡረታ ሲወጡ፣ ልጆቻቸው ዱከም በሚገኝ ሆቴል የእራት ግብዣ አዘጋጁላቸው። ጠረጴዛው ነጭ የለበሰ፣ አስተናጋጁ ክራቫት ያሰረበት፣ ዋጋው በመምህር ደመወዝ የማይደፈር ቤት ነው። ሙስሊሞቹ ከነቤተሰባችን ሦስት አባወራ ነበርን። በእንዲህ ዓይነቱ ግብዣ የለመድነው ሰላጣና አምቦ ውሃ ይዘን መቀመጥ ነበር።

መምህሩ ግን ከሳምንት በፊት ጠሩንና፣ «ልጆቼ፣ ጠርቼ ጦማችሁን አላሳድራችሁም። በጉን እኔ እገዛለሁ፤ እናንተ አርዳችሁ አሠሩ» አሉን። በጉ ከእኛው በአንዳችን ቤት ታርዶ፣ ተሠርቶ፣ ድስቱ ተከድኖ ዱከም ደረሰ። በሩ ላይ የሆቴሉ ኃላፊ፣ «ከውጭ የመጣ ምግብ አይገባም፤ የቤቱ ደንብ ነው» አለ። እኛም እንዳይጨነቁ ብለን፣ «ጋሼ፣ ይቅር፤ ሰላጣው ይበቃናል» ብንላቸው አልሰሙንም። «አብረውኝ ጠመኔ የያዙ ሰዎች እያዩኝ እኔ አልጎርስም። ድስቱ ካልገባ እኔም አልገባም» አሉ። እንግዳው ሁሉ በር ላይ ቆመ።

ነገሩን የፈታችው የወጥ ቤቷ ሴት ናት። ጫጫታውን ሰምታ ወጣችና፣ «ገና ሥራ ያልጀመረ ብረት ድስትና ሳህን አለ፤ በሱ አሙቄ አቀርባለሁ፤ ከእኛ ሥጋ ጋር አላነካካውም» አለች። ኃላፊውም የሳህን ሒሳብ አስቦ ፈቀደ። መጠጡ ያለበት ጠረጴዛ ራቅ ብሎ ተዘረጋ፤ በእኛው ላይ ውሃና ለስላሳ ብቻ ቀረበ። መግሪብን ሰግደን ስንመለስ ማንም ሳይጀምር ጠብቆን ነበር።

በመካከሉ ከልጆቻችን አንዷ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «አባባ፣ ለብቻ የምንበላው የነሱ ሥጋ ቆሻሻ ስለሆነ ነው?» ብላ ጠየቀች። ሰው ሁሉ ዝም አለ። መምህሩ ከአባትየው ቀድመው፣ «አይደለም ልጄ። እናንተም እኛም በየሃይማኖታችን እናርዳለን። እኔም ያንቺን በግ አልበላም፤ ግን ጠግበሽ እንድታድሪ ገዛሁልሽ» አሏት። ለልጅ የሚሰጥ ከዚህ የተሻለ መልስ አላገኘንም።

በነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሕይወትም ለዚህ የሚሆን ትምህርት አለ። በእናታችን መይሙና (ረ.ዐ) ቤት የተጠበሰ የበረሃ እንሽላሊት ቀርቦላቸው፣ ምንነቱ ሲነገራቸው እጃቸውን እንደሰበሰቡ ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። ኻሊድ ኢብኑል ወሊድ (ረ.ዐ) ሐራም እንደሆነ ቢጠይቋቸው፣ ሐራም እንዳልሆነ፣ ነገር ግን በአገራቸው የማይገኝ በመሆኑ እንደማይስማማቸው ነገሯቸው፤ ኻሊድም በሉ። ልብ በሉ! የማይበሉትን ተዉ፤ ግን ምግቡን አልነቀፉም፤ የሚበላውንም አላሳፈሩም።

ሌላው የሚያስገርመው ነገር ይህ ነው። ከዱከም ወረድ ብሎ ቢሾፍቱና ሞጆ ላይ የሚገኙ የኤክስፖርት ቄራዎች በሸሪዓው ደንብ የታረደ የበግና የፍየል ሥጋ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያና ወደ ተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ይልካሉ። ስለዚህ የዱባይ እንግዳ የሞጆን ሐላል ሥጋ ሲበላ፣ የአዳማው ሙስሊም ዱከም ላይ ሰላጣ ያዝዛል ማለት ነው። የዱባዩ ገዢ «ሐላል ካልሆነ አልገዛም» ብሎ ስለጠየቀ ተዘጋጀለት። የእኛ ሰው ግን ዝም ብሎ ገብቶ ዝም ብሎ ይወጣል።

ስለሆነም ለቤተሰቦችና ለወጣቶች የምንለው አለን።

አንደኛ፣ ስትጋበዙ አስቀድማችሁ በግልጽ ተናገሩ። ጋባዡ የሚያፍረው ሲነገረው ሳይሆን ማዕዱ ላይ ሳትበሉ ሲያያችሁ ነው።

ሁለተኛ፣ ሥጋ ብቻ ምግብ አይደለም። ዓሣ እርድ አያስፈልገውም፤ በያይነቱም አለ። ግን የተጠበሰበት ዘይትና መጥበሻ ከሥጋው የተለየ መሆኑን በትሕትና ጠይቁ።

ሦስተኛ፣ እናንተም ክርስቲያን ወዳጅ ስትጠሩ የእርሱን እርድና የጾሙን ቀን አስቡለት። ረቡዕና ዓርብ ጠርታችሁ ሥጋ አታቅርቡለት።

አራተኛ፣ ባለሀብቶቻችን ሆይ! በዚህ መንገድ ላይ ቤተሰብ ይዞ የሚገባበት፣ ንጹሕ፣ መጠጥ የማይሸጥበትና የመስገጃ ቦታ ያለው ምግብ ቤት መክፈት ንግድም ነው፤ ኒያው ካማረ አጅርም ነው።

በመጨረሻም ልጆቻችን ሐላልን ሲማሩ አብረው ሌላውን መናቅ እንዳይማሩ እንጠንቀቅ። የምንጎርሰውን ሐላል፣ አንደበታችንንም ንጹሕ አላህ ያድርግልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።