ቧንቧ የሚያውቃት ከተማ

ከአሸተን ማርያም ገዳም ደጅ ቁልቁል ሲመለከቷት ላሊበላ ክብ አይደለችም። ዓለም የሚያውቃት በቤተ ጊዮርጊስ ነው፤ ከዚህ ላይ ሆኖ ግን ቤተ ጊዮርጊስን በዓይን መለየት ይቸግራል፣ መሬት ውስጥ ነውና። የሚታየው ቆርቆሮ ነው። መሐሉ ላይ ተጠጋግቶ ይጀምርና መንገዱን ይዞ ወዲያና ወዲህ ይሳባል፤ በየገደሉ አፋፍ ደግሞ ነጠል ነጠል ያለ የሆቴል ጣሪያ ያብረቀርቃል። ምእመኑ እዚያ ቆሞ ይሳለማል፣ እንግዳው ፎቶ ያነሣል። እኔ ዕድሜዬን በውኃ መስመር ሥራ የጨረስሁ ሰው ነኝና የሚታየኝ ሌላ ነው፤ ያ ሁሉ ጣሪያ ውኃ እንዲያገኝ ስንት ሜትር ቧንቧ መቀበር እንዳለበት።

የተወለድሁት ከገዳሙ ዝቅ ብሎ ባለ የገብስ አገር ነው። በትውፊት ከንጉሥ ነአኩቶ ለአብ ስም ጋር የሚነሣው የአሸተን ቤተ ክርስቲያን ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ተፈልፍሏል። ከተማዋ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። ከበስተኋላችን አቡነ ዮሴፍ 4,000ን አልፎ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚውሉበት ውርጭ ይሆናል። የግማሽ ቀን የእግር መንገድ ይህን ያህል ሽቅብና ቁልቁል ባለበት አገር ነው እንግዲህ ከተማ እየተስፋፋ ያለው።

ሙያውን የተማርሁት ግን ወጥቼ ነው። ደሴ ሠርቻለሁ፤ ጦሳ ሥር በጠባብ ሸለቆ ተዘርግታ የተኛች ከተማ ናት፣ ከጫፍ ጫፍ ለመድረስ መሐሉን ሳያቋርጡ አይሆንም። ባሕር ዳርም ሠርቻለሁ። ሜዳ ናት፣ መንገዷ ቀጥ ያለ ነው፣ ቧንቧ ለመዘርጋት ደስ ትላለች፤ ክረምት ሲገባ ግን የዝናቡ ውኃ የሚሄድበት ቁልቁለት ያጣል። ሁለቱን ያየ ሰው ስለ አንዲት ከተማ ሲወራ የሕዝቧን ብዛት ሰምቶ ዝም አይልም። ሕዝቡ እንዴት ነው የተቀመጠው ብሎ ይጠይቃል።

በብዛትስ ከሆነ ላሊበላ ትንሽ ናት። በ1987 ዓ.ም. ቆጠራ 8,484 ሰው ነበራት፤ በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ 17,367 ሆነ። በአሥራ ሁለት ዓመት ገደማ እጥፍ ማለት ነው። ከአለት የተፈለፈሉት አብያተ ክርስቲያናቷ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብተዋል፤ አውሮፕላን ማረፊያው ሲሻሻል ቱሪስቱ በዛ፣ ሆቴል ተሠራ፣ ሆቴሉ አስተናጋጅና ጥበቃ ፈለገ፣ የዙሪያው የላስታ ገጠር ወጣት ወረደ። መምጣቱን የሚኮንን ሰው ስሰማ ይገርመኛል። እኔም የመጣሁት እንዲሁ ነው።

ከተማ መብዛቱ በራሱ ኪሳራ እንዳልሆነ የሚያሳይ ጥናትም አለ። ተመራማሪዎቹ ሉዊስ ቤተንኮርትና ጄፍሪ ዌስት ከባልደረቦቻቸው ጋር የአሜሪካን፣ የቻይናንና የአውሮፓን ከተሞች አነጻጽረው እ.ኤ.አ. በ2007 ያሳተሙት ነው። የከተማ ሕዝብ እጥፍ ሲሆን የመንገዱ የቆዳ ስፋትና የኤሌክትሪክ ገመዱ ርዝመት እጥፍ አይሆንም፤ 80 በመቶ ገደማ ቢጨምር ነው። ብዙ ሰው አንዱን መስመር ይጋራልና። ደመወዙና የፈጠራ ሥራው ደግሞ ከእጥፍ በላይ ያድጋል፣ እንደዚሁም ወንጀሉና ተላላፊ በሽታው። አንድ ላይ የሚመጡ ናቸው፣ መርጦ መውሰድ የለም።

ከተማ ሲበዛ ጣጣውም አብሮ እንደሚመጣ የእኛም አገር ታሪክ ያውቀዋል። ነገሥታቱ ከተማቸውን ከቦታ ቦታ ሲያዛውሩ ከነበረባቸው ምክንያቶች አንዱ ማገዶ ነበር፤ ሠራዊቱና አጃቢው የዙሪያውን ዛፍ ይጨርሰው ነበር። አዲስ አበባም ከተቆረቆረች በኋላ በማገዶ እጥረት ልትለቀቅ ደርሳ ነበር፤ ምኒልክ አዲስ ዓለምን ማሠራት ጀምረው ነበር። ያቆያት ከውጭ የገባው ባሕር ዛፍ ነው። ከተማዋ መጠኗን ሳትቀንስ የምትበላውን አጠገቧ ተከለች ማለት ነው። ባሕር ዛፉ በምላሹ ከመሬቱ ምን እንደወሰደ ሌላ ወሬ ነው፤ ምንጭ ዳር ተተክሎ ያየ የውኃ ሰው ያውቀዋል።

ወደ ቧንቧው ልመለስ። ያ ጥናት ያለው ቁጠባ የሚገኘው ሰዎቹ መስመሩን በእርግጥ ከተጋሩት ነው። ሂሳቡ ቀላል ነው። አንድ ሺህ ቤት አለ እንበል። ፊት 10 ሜትር ስፋት ያላቸው ቤቶች በመንደር መንገድ ግራና ቀኝ ፊት ለፊት ከቆሙ፣ እያንዳንዱ 10 ሜትር ቧንቧ ሁለት ቤት ያጠጣል፤ ለሺው ቤት 5 ኪሎ ሜትር ይበቃል። እነዚያው ቤቶች በአስፋልቱ ዳር በአንድ ወገን ብቻ፣ በየ30 ሜትሩ አንድ ሆነው ከተደረደሩ 30 ኪሎ ሜትር ይፈጃሉ። ሕዝቡ ያው፣ ከተማው ያው፣ ቧንቧው ስድስት እጥፍ። ላስታ ላይ ደግሞ ቦይ የሚቆፈረው አለት ላይ ነው፤ በዶማ የሚገባ አይደለም። ረጅም መስመር መጋጠሚያው ይበዛል፣ መጋጠሚያ ሲበዛ የሚያፈሰው ይበዛል፣ የሚያፈሰውን ለመፈለግ ሠራተኛው ቀኑን በእግሩ ያሳልፋል።

ከፍታው ሌላ ጣጣ አለው። ውኃ በየ10 ሜትሩ ቁልቁለት አንድ ባር ገደማ ግፊት ይጨምራል። የውኃ ማጠራቀሚያው ካለበት 100 ሜትር ዝቅ ብሎ የተሠራ ቤት፣ መሐል ላይ ግፊት መቀነሻ ካልተገጠመለት በስተቀር፣ 10 ባር ይመጣበታል፤ ቧንቧው ሌሊት ላይ ሰው ውኃ ሳይቀዳ ሲቀር ሊፈነዳ ይችላል። ከማጠራቀሚያው ከፍ ብሎ የተሠራው ቤት ደግሞ ያለ ፓምፕ ጠብታ አያይም። ስለዚህ ተራራ ላይ ያለ ከተማ በጎን፣ ተዳፋቱን ተከትሎ በአንድ ከፍታ ቢሰፋ ቧንቧው ይታገሠዋል። ሽቅብና ቁልቁል ሲሳብ በየእርከኑ ማጠራቀሚያ፣ ፓምፕና መብራት ይጠይቃል። መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ላሊበላ ጠንቅቃ ታውቃለች። በ2013 ዓ.ም. ክረምት የሰሜኑ ጦርነት ሲደርስ መብራቱ ተቋርጦ ለወራት ሳይመለስ ቆየ፤ በፓምፕ ላይ የተንጠለጠለ ሰፈር ሁሉ ጀሪካን ይዞ ወደ ምንጭ ወረደ።

የከተማዋ ቅርጽ በራሱ አልተሳበም፤ ሰውም ስቦታል። ቀድሞ ሕዝቡ የሚኖረው አብያተ ክርስቲያናቱን ከብቦ፣ ከቀይ ድንጋይ በተሠሩ ክብ ባለ ሁለት ደርብ ጎጆዎችና በኋላ በመጡት የጭቃ ቤቶች ነበር። ታች ከብት፣ ላይ ሰው፤ በጠባብ መሬት ብዙ ቤተሰብ። ኋላ በዓለም ባንክ ገንዘብ በተካሄደው የዘላቂ ቱሪዝም ልማት ፕሮጀክት ዘመን ከቅርሱ አጠገብ የነበሩ መንደሮች ተነሥተው ነዋሪው ራቅ ወዳሉ አዳዲስ ሰፈሮች ሄደ፤ ከጎጆዎቹ ጥቂቶቹ ለቅርስነት ቀሩ። ማሪ ብሪዶኖ የተባለች ፈረንሳዊት የጂኦግራፊ ምሁር ቱሪዝም ላሊበላን እንዴት እንደለወጣት አንድ ሙሉ መጽሐፍ ጽፋለች።

ስለዚህ ጉዳይ ስጠየቅ ሁለቱንም ወገን አስቀይማለሁ። ሰፈሩ መነሣት ነበረበት እላለሁ፤ የመጸዳጃ ጉድጓድና የእጥበት ውኃ ለዘመናት በቆየ ፍልፍል ድንጋይ ላይ ሲሰርግ ዝም ተብሎ አይታይም። የሄደበት ርቀት ግን ትክክል አልነበረም። ከቤተ ክርስቲያን አጠገብ ጠላ ትሸጥ የነበረች፣ ለገና እንግዳ ክፍል ታከራይ የነበረች ሴት ኑሮዋ ቦታው ነበር። አሁን ኪዳን ለመድረስ ሌሊት ተነሥታ ትሄዳለች፣ ገበያ ደርሳ ለመመለስ የባጃጅ ትከፍላለች። እኛ መሐንዲሶቹ የቧንቧውን ርዝመት ለፍተን ስንቆጥር የእሷን መንገድ የቆጠረ አልነበረም። በውኃ ሂሳብ ያተረፈ የለም፣ በእሷ ጉልበት ግን የተከፈለ አለ።

ባዶ የቀረው የአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ አንድ ነገር አስተምሯል፤ ቅርሱን ከመጸዳጃ ጠብቀን ከዝናብ አልጠበቅነውም። እስቲ እንቁጠር። 50 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲጥል 500 ሊትር ይወርዳል፤ 25 ጀሪካን። ሺህ ጣሪያ ሲሆን ግማሽ ሚሊዮን ሊትር፣ ያውም በአንድ ከሰዓት በኋላ ዝናብ። የሣር ክዳን ጥቂቱን ይዞ ያቆያል፣ ማሳ ይመጥጠዋል፤ ቆርቆሮና አስፋልት ግን ሁሉንም በአንድ ጊዜ ይለቃሉ። ያ ጎርፍ አፋፉን እየሸረሸረ ገደል ይሠራል፣ ቀሪው ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይሄዳል። ዝቅተኛው ቦታ ደግሞ ምን እንደሆነ ንገሩኝ፤ ከመሬት በታች የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን አይደለምን?

የጥንቶቹ ጠራቢዎች ይህንን ያውቁት ነበር። በአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ የተቆፈረው ግቢ ወለሉ ያጋደለ ነው፤ ውኃው በቦይ እንዲወጣ ነው። ሁለቱን የአብያተ ክርስቲያናት ምድብ የሚለየው ዮርዳኖስ ወንዝም ሥራ አለው። የኤምአይቲው የሥነ ሕንፃ ታሪክ ምሁር ማርክ ጃርዞምቤክ ላሊበላ ላይ በጻፈው ጥናት ውኃን የመምራት ጥበቡን ከግንባታው ዋና ጉዳይ አድርጎ ነው ያየው፤ ሳነበው ወንድሜን ያገኘሁ ያህል ደስ አለኝ። በእኛ ዘመን የመጣው መፍትሔ ግን ከላይ መሸፈን ሆነ። በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ በ2000 ዓ.ም. ገደማ ጊዜያዊ ተብለው የተተከሉት መጠለያዎች ዛሬም ቆመዋል፤ በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ ሕዝቡ ክብደታቸውን ፈርቶ ሰልፍ እስከ መውጣት ደርሷል። መጠለያ ከላይ የሚወርደውን ይመልሳል፤ ከጎን በድንጋዩ ስንጥቅ የሚሰርገውን አይመልስም። ያንን የሚመልሰው ከላይ ያለው ሰፈር ጣሪያው ሥር አሸንዳና ታንከር ቢያኖር ነው። ያው ሰፈር እኮ ነው በቧንቧ ውኃ ጠፋ ብሎ የሚጮኸው።

ስለ ገና ብዙ አልልም። ታኅሣሥ 29 ሲቃረብ ይህች ትንሽ ከተማ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ምእመን ተቀብላ ለጥቂት ቀናት ትልቅ ከተማ ትሆናለች። ለዚያ ሳምንት ተብሎ ቧንቧ አይቀበርም፤ በቦቴና በጊዜያዊ መጸዳጃ ነው የሚታለፈው፣ ወደፊትም እንዲሁ ይሁን ባይ ነኝ። የሚያስጨንቀኝ የቀሪው ዓመት ቅርጽ ነው።

የከተማ መስፋፋትን ማስቆም አይቻልም፣ አስቀድሞ መንገዱን መስመር ማስያዝ ግን ይቻላል የሚል ሐሳብ አለ። የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲው ሽሎሞ ኤንጀል ያራመደው ሲሆን በእኛም አገር በአዳማ፣ በባሕር ዳር፣ በሐዋሳና በመቀሌ ተጀምሮ ነበር። ቤት ሳይሠራ፣ ለሚቀጥሉት 30 ዓመታት በሚበቃ መሬት ላይ ዋና ዋና መንገዶቹ በአንድ ኪሎ ሜትር ልዩነት ተለክተው ይያዛሉ፤ ቧንቧውም ማለፊያ ያገኛል። ለሜዳ ከተማ ግሩም ነው። ላስታ ላይ ቀጥ ያለ መስመር አስምር ቢሉኝ ግን መጨረሻው ገደል ነው። እዚህ መንገዱ ተዳፋቱን ተከትሎ መጠምዘዝ አለበት፣ ቤቱም ወደ ሁለት ደርብ መመለስ አለበት፤ የቅርሱን እይታ በማይጋርድ ልክ፣ ቅድመ አያቶቻችን እንዳደረጉት።

ለምን አይሆንም? መሬቱ ርካሽ ነዋ። ከተማ ሲሰፋ የአርሶ አደሩ ማሳ ይወሰዳል። በ1997 ዓ.ም. አዋጅ ካሳው የአምስት ዓመት አማካይ ዓመታዊ ገቢ በ10 ተባዝቶ ይከፈል ነበር፤ በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ከመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት ከፍተኛው ገቢ በ15 እንዲባዛ ተደረገ። ተሻሽሏል፣ አልክድም። ግን ስሌቱ አሁንም በገብሱ ነው እንጂ መሬቱ ነገ በሊዝ ጨረታ በሚያወጣው አይደለም። መሐል ከተማ ያለን ቦታ ደርብ እያደረጉ ከመጨናነቅ፣ ወጣ ብሎ ማሳ መሸንሸን ለሁሉም ይቀላል፤ ከገበሬው በስተቀር።

አጎቴ ማሳው ወደ አሸተን በሚወጣው የጥርጊያ መንገድ ዳር ነው። ሰሞኑን ከሱ በታች አንድ ሁለት ቆርቆሮ ቤት ብቅ ብሏል። «ይለኩት ይሆን?» አለኝ፣ የውኃ ማጠራቀሚያው ያለበትን ከፍታ እያሳየሁት። «አያ፣ ማሳህ ከማጠራቀሚያው በላይ ነው፤ ቤት ቢሠራበት ውኃ በራሱ አይወጣለትም፣ ሌላ ማጠራቀሚያና ፓምፕ ይፈልጋል፤ ከዚህ የሚወርደው ጎርፍም በቀጥታ ከተማው ላይ ነው» አልሁት።

«ታዲያ አንተ ልጅ፣» አለኝ፣ «ይህን ለማዘጋጃ ቤቱ ትነግራለህ እንጂ ለእኔ ለገብስ ዘሪው ምን ይበጀኛል?»