የኤሌክትሪክ ብስክሌት ባትሪ ጠባይና ሕመሙ

በ2016 ዓ.ም. በጥር ወር በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ካስታወቀ ወዲህ፥ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ነገር ሁሉ የብዙ ቤተሰብ መነጋገሪያ ሆኗል። ስለ ብስክሌቱ ፍጥነትና ስለ መልኩ የሚጠይቅ ሞልቷል፤ ስለ ባትሪው የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ ከክፍሎቹ ሁሉ ብዙ ጊዜ ውድ የሚሆነው እርሱ ነው፤ ቤት የሚያቃጥለውም እርሱ ነው።

ባትሪ የምንለው አንድ ወጥ ዕቃ አይደለም፤ በተርታ የተያያዙ የብዙ ሴሎች ማኅበር ነው። እንደ ጥማድ በሬ ናቸውና ደካማው ሲቆም ብርቱውም ይቆማል። የፎገራ ሜዳ ለጥ ያለ ስለ ሆነ ይህን ሕመም ይሸሽገዋል። ከወረታ ተገንጥሎ ወደ ደብረ ታቦር የሚወጣው መንገድ ግን ከፍታው ወደ 900 ሜትር የሚጠጋ ስለሚጨምር የደከመውን ሴል ያጋልጠዋል። በሜዳው ደኅና ሲሄድ የቆየ ብስክሌት ዐቀበት ላይ ድንገት ቢጠፋ፥ «ባትሪው ሞቷል» ብሎ ለአዲስ ግዢ መቸኮል አይገባም።

አስቀድሞ ቻርጀሩ በቴስተር ይለካ፤ በላዩ የተጻፈውን ቮልት ካልሰጠ ጥፋቱ የባትሪው አይደለም። ቀጥሎ መሰኪያው ይዳሰስ፤ ከጉዞ በኋላ የሚግል መሰኪያ የላላ ነው። ባትሪው ምንም ቮልት ባያሳይ ደግሞ ሴሎቹ ሳይሞቱ የጥበቃ ሰሌዳው ዘግቶባቸው ሊሆን ይችላል። ከዚህ ያለፈው፥ ማለትም ሣጥኑን ከፍቶ የሴሎቹን ቮልት አንድ በአንድ ማነጻጸር፥ የባለሙያ ሥራ ነው። ዐሥራ ሁለቱ 4.1 ቮልት ሲያሳዩ አንዱ 3.4 ቢያሳይ ሕመምተኛው ተገኘ ማለት ነው።

የሊትየም ባትሪ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው፤ ለዚሁ ሥራ ጉዲናፍ፥ ዊቲንግሃምና ዮሺኖ በ2019 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ዛሬ በብስክሌት ላይ በብዛት የሚገኙት ሁለት ዐይነቶች ናቸው። አንደኛው ኒኬል፥ ማንጋኒዝና ኮባልት ያለበት፥ ኤንኤምሲ የሚባለው ነው፤ ቀላልና ብዙ ኃይል የሚይዝ ሲሆን ከ500 እስከ 1000 ጊዜ ያህል ተሞልቶ ይደክማል። ሁለተኛው የብረት ፎስፌት ያለበት ኤልኤፍፒ ነው። ይህ ክብደት አለው፤ ነገር ግን ከ2000 ጊዜ በላይ መሞላት ይችላል፥ በቶሎም አይቀጣጠልም። ለሜዳ አገር ሰው ክብደቱ ብዙ ስለማይጎዳው እኛ ኤልኤፍፒን እንመርጣለን። አንድ ተንኰል ግን አለበት፤ ግማሽ ሲሆንም ሩብ ሲቀረውም ቮልቱ እምብዛም ስለማይለወጥ፥ በቮልት ብቻ የቀረውን ኃይል የሚገምት ሰው መንገድ ላይ ይቀራል።

እጅግ የሚያስፈራው የቻርጀር መለዋወጥ ነው። በሁለቱም ላይ «48 ቮልት» ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። ኤንኤምሲው 13 ሴሎች በተርታ ይዞ በ54.6 ቮልት ይሞላል፤ 16 ሴሎች ያሉት ኤልኤፍፒ ግን በ58.4 ቮልት ነው። የኤልኤፍፒው ቻርጀር በኤንኤምሲው ላይ ቢሰካና የጥበቃ ሰሌዳው ባይከለክለው፥ ከ4.2 ቮልት ማለፍ የማይገባው እያንዳንዱ ሴል ወደ 4.5 ይደርሳል። ያን ጊዜ ሴሉ ይግላል፥ ያብጣል፥ ይነድዳል። ጎረቤት ቻርጀር ሲያውስ «መሰኪያው ገጥሟል» ማለት አይበቃም፤ በሁለቱም ላይ የተጻፈው ይነበብ።

በክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው በሜዳው ላይ ሲፈስሱ ሌላ ጉዳይ ይመጣል። ጭቃ ውኃ የገባበት ባትሪ በፀሐይ ደርቆ ደኅና ቢመስልም፥ በውስጡ ዝገቱ ሥራውን ይቀጥላልና ከቀናት በኋላ ሊቀጣጠል ይችላል። እንዲህ ያለው ባትሪ ባለሙያ እስኪያየው ድረስ ፈጽሞ አይሞላ፤ ከመኝታ ክፍልና ከሩዝ ገለባ ክምር ርቆ፥ ሕፃናት በማይደርሱበት ባዶ ስፍራ ይቀመጥ።