ከሁለት ወደ ግማሽ

የታመመ ጉበት አይጮኽም። ጠባሳው ዓመት ከዓመት ሲደራረብ ባለቤቱ ያርስ፣ ያጭድ፣ ገበያ ይውል ነበር። አንድ ቀን ዓይኑ ቢጫ ሆነ። በጎጃም ደጋ ያለ ጎረቤቱ «የወፍ በሽታ ነው» አለ፤ ሌላው በአረቄ አሳበበ። ሆዱ ውሃ ሲቋጥር ዘመድ ገንዘብ አዋጥቶ ከደብረ ማርቆስ አሳፈረው፤ የዓባይን በረሃ ወርዶ፣ ወጥቶ፣ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አዲስ አበባ ገባ። እንዲህ ያለውን ሰው ለመመርመር ረቂቅ መሣሪያ አያሻም ነበር። ሆዱን ያየ ሐኪም ሁሉ ያውቀዋል፤ ጉበቱ ጠባሳ ሆኗል፣ ጊዜውም ረፍዷል።

ሐኪሞቹን እንቅልፍ የነሳቸው ከእሱ ኋላ የተሰለፈው ነበር። ያኛው በእግሩ መጣ። ደም ሊለግስ ሄዶ ሄፓታይተስ ቢ የተባለው የጉበት ቫይረስ እንዳለበት ተነገረው እንጂ ምንም አላመመውም። እንደሱ ያለው ብዙ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2016 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የታተመ የጥናቶች ጥምር ትንተና በኢትዮጵያ ከ100 ሰዎች 7 ያህሉ ቫይረሱን እንደተሸከሙ አሰላ። አብዛኞቹ ያለ መድኃኒት ዕድሜያቸውን ይጨርሳሉ። ጥቂቶቹ ግን ሆዱ ውሃ ወደቋጠረው ሰው የሚወስደውን መንገድ ጀምረዋል። ከውጭ ሲታዩ ሁሉም አንድ ናቸው። ማን ከየትኛው ወገን እንደሆነ በምን ይታወቃል?

ለረጅም ዘመን መልሱ መርፌ ነበር። ጀርመናዊው ፓውል ኤርሊክ በ1883 ከጉበት ላይ በመርፌ ናሙና ወሰደ። በ1958 ደግሞ ጣሊያናዊው ጆርጆ መንጊኒ መርፌው ጉበት ውስጥ የሚቆይበትን ጊዜ ወደ አንድ ሰከንድ ግድም አሳጠረው። ችግሩ ግን በፍጥነት አልተፈታም። በመርፌው የምትወጣው ቅንጣት ከጠቅላላው ጉበት ከ50 ሺህ እጅ አንዷን ያህል ብቻ ነበረች፤ ጠባሳ ደግሞ በጉበቱ ሁሉ እኩል አይሰራጭም። መርፌው ያረፈበት ቦታ ደህና ከሆነ በሽተኛው ደህና ነው ተብሎ ይሸኛል። ደም መፍሰስም ያሰጋል፤ ቅንጣቷን በአጉሊ መነጽር የሚያነብ ስፔሻሊስትም ያስፈልጋል። «በየዓመቱ እየመጣህ ተወጋ» ቢባል ማን እሺ ይላል?

መፍትሔው ከሐኪም ቤት አልመጣም። በ1990ዎቹ ፓሪስ ውስጥ የድምፅ ሞገድ የሚያጠኑ የፊዚክስ ሰዎች አንድ ሐሳብ ይዘው ይታገሉ ነበር። ጠባሳ ሥጋን ያደነድናል። ጠባሳው ባይታይ እንኳ ድንዳኔው ይለካ ይሆናል። ከቆዳ ላይ ቀስ ያለ ንዝረት ቢለቀቅ በለስላሳ ሥጋ ውስጥ ዝግ ብሎ፣ በደነደነው ውስጥ ፈጥኖ ይሄዳል። ፍጥነቱን ያወቀ ድንዳኔውን አወቀ።

በወረቀት ላይ ያማረው ሐሳብ ሙከራ ላይ ተሰናከለ። የዘመኑ ዘዴ ሥጋውን ያለማቋረጥ ማንዘር ነበር። ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ ሳያቋርጥ የሚጮኽ ሰው የገደል ማሚቶውን ከራሱ ድምፅ መለየት እንደሚያቅተው ሁሉ፣ የሚሄደው ንዝረት ከሚመለሰው ጋር ተደባለቀ። የሚነበበው ቁጥር አልታመን አለ።

ማቲያስ ፊንክ፣ ስቴፋን ካትሊንና ሎረን ሳንድራን የሚገኙበት ቡድን ያገኘው መውጫ ለማመን የሚከብድ ቀላል ነበር፤ ንዝረቱን አቆሙት። ያለማቋረጥ ከማንዘር ይልቅ አንድ ጊዜ ብቻ አንኳኩ። አንዷ ሞገድ ጉበት ውስጥ ስትገባ፣ ከእሷ እጅግ የሚፈጥነው አልትራሳውንድ በሰከንድ በሺህ የሚቆጠር ጊዜ እያየ ተከተላት። የተመላሹ ሞገድ ግርግር ከመድረሱ በፊት ፍጥነቷ ተመዝግቦ አለቀ።

በ2001 ኢኮሰንስ የተባለ ኩባንያ ተቋቋመ፤ መሣሪያውም ፋይብሮስካን ተባለ። በ2003 እነ ሳንድራን ሄፓታይተስ ሲ ባለባቸው 106 ሰዎች ላይ ሞክረውት የድንዳኔው ቁጥር ከጠባሳው ደረጃ ጋር አብሮ እንደሚያድግ አሳዩ። አሠራሩ የዋህ ነበር። ሕመምተኛው በጀርባው ይተኛል፤ መሣሪያው በቀኝ ጎኑ በጎድን አጥንቶቹ መካከል አሥር ጊዜ ያንኳኳል፤ ውጤቱ በኪሎፓስካል ይነበባል። አይደማም፣ አያምም። የሚለካውም ሥጋ መርፌ ከምታወጣው ቢያንስ መቶ እጥፍ ይበልጣል። ምግብ የጉበትን ድንዳኔ ስለሚያሳስት ሦስት ሰዓት ያህል ሳይበሉ መቆየት ያሻል፤ ለጎጃም ጿሚ ይህ ከባድ ትእዛዝ አልነበረም።

አንድ ነገር ግን መሣሪያው አልቻለም። ያች ሞገድ በፈሳሽ ውስጥ አትጓዝም። ሆዱ ውሃ በቋጠረ ሰው ላይ ፋይብሮስካን ዲዳ ነው። የሚጠቅመው ገና በእግሩ ለሚመጣው፣ ምንም ላላመመው ሰው ነበር። ጥያቄውም የዚያ ሰው ነበር።

በ2015 መጀመሪያ አዲስ አበባ፣ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ ውስጥ አንድ ፕሮግራም ተከፈተ። የጉበት ሐኪሙ ኃይለሚካኤል ደሳለኝ፣ ተመራማሪው ነጋ በርሄ፣ ኖርዌያዊው ሐኪም አስጌር ዮሃነሰንና ባልደረቦቻቸው ለሄፓታይተስ ቢ ሕሙማን ቴኖፎቪር የተባለውን መድኃኒት መስጠት ጀመሩ። መድኃኒቱ በአገሪቱ አዲስ አልነበረም፤ ለኤች አይ ቪ ሕሙማን በነጻ ይታደል ነበር። ሄፓታይተስ ቢ ብቻ ያለበት ግን ከዚያ ዕድል ውጪ ነበር። ከ1,300 በላይ ሰዎች ተመዘገቡ፤ ጉበታቸውም በፋይብሮስካን ተለካ። በመጀመሪያው ዓመት ሩብ ያህሉ መድኃኒት ጀመሩ።

በዚያው ሰሞን፣ በመጋቢት 2015፣ የዓለም ጤና ድርጅት የመጀመሪያውን የሄፓታይተስ ቢ ሕክምና መመሪያ አወጣ። መመሪያው ፋይብሮስካን የሌለውን የገጠር ሐኪም አልረሳውም። «አፕሪ» የተባለ ስሌት አቀረበለት፤ በሁለት ርካሽ የደም ምርመራዎች የሚሠራ። አንዱ ኤኤስቲ የተባለው ኢንዛይም ነው፤ የተጎዳ ጉበት ወደ ደም ያፈሰዋል። ሌላው ፕሌትሌት፣ ደም የሚያረጋው ሕዋስ ነው፤ ጉበት ሲደነድን ደም መተላለፊያ ያጣና ጣፊያ ያብጣል፣ ያበጠ ጣፊያም ፕሌትሌቱን ያስቀራል። ኢንዛይሙ ወጥቶ ፕሌትሌቱ ሲወርድ ስሌቱ ያድጋል። ከ2 ካለፈ ጉበቱ ሲሮሲስ ከሚባለው ከባድ የጠባሳ ደረጃ ደርሷልና መድኃኒት ይጀመር ተባለ። ሲሮሲስ ለሌለው ደግሞ ዕድሜ ከ30 በላይ መሆን፣ ሌላ የጉበት ኢንዛይምና የቫይረሱ መጠን እንዲታዩ ታዘዘ።

ጳውሎስ ውስጥ እንግዲህ ሁለት መለኪያ ተገናኘ። ያው ሰው በፋይብሮስካን ተለክቷል፤ ያው ሰው ለመመሪያው ስሌት የሚሆን የደም ውጤት አለው። ሁለቱ መስማማት ነበረባቸው።

አልተስማሙም።

ሐና አበራ፣ ኃይለሚካኤልና ባልደረቦቻቸው ውጤቱን በ2019 በጆርናል ኦፍ ሄፓቶሎጂ ሲያወጡት ርእሱ ራሱ ፍርድ ነበር። በአውሮፓ የጉበት ሐኪሞች መስፈርት ሲመዘኑ መድኃኒት ከሚያስፈልጋቸው ኢትዮጵያውያን የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ግማሹን አያገኛቸውም አለ። ለድሀ አገር ታስቦ የተሰፋው ልክ ከድሀው አገር ሰው ግማሹን ሜዳ ላይ አስቀረው።

ስሕተቱ የት ገባ? ጥርጣሬው ወደ ቁጥሩ የትውልድ ቦታ ዞረ። አፕሪ በ2003 የተቀመረው አሜሪካ፣ ሚሺጋን ውስጥ፣ ሄፓታይተስ ሲ ባለባቸው ሰዎች ላይ ነበር። ሌላ ቫይረስ፣ ሌላ ሕዝብ። ግን አንድ ሆስፒታል ብቻውን መመሪያ አያስለውጥም። የኢትዮጵያ ውጤት የኢትዮጵያ ብቻ ቢሆንስ?

ስለዚህ ተመራማሪዎቹ ከጋምቢያና ከሌሎችም አገሮች ከመጡ ባልደረቦች ጋር መዝገባቸውን አጋጠሙ። ከሰሃራ በታች ካሉ ስምንት አገሮች የ3,548 ሕሙማን መረጃ በአንድነት ተመረመረ። በ2023 የወጣው መልስ አላወላወለም፤ 2 የሚለው ወሰን ለአፍሪካ ሕሙማን እጅግ ከፍ ያለ ነው። ሲሮሲስ ያለበት ሰው እንኳ ከወሰኑ በታች ተኝቶ ያመልጣል።

በመጋቢት 2024 የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያውን አደሰ። አዋቂ ሰው አፕሪው ከ0.5 ካለፈ፣ ወይም ፋይብሮስካኑ ከ7 ኪሎፓስካል ከበለጠ፣ መድኃኒት ይጀምር አለ። ለሲሮሲስ የነበረው 2ም ወደ 1 ወረደ።

ለውጡ ምን ማለት እንደሆነ ወረቀትና እስክሪብቶ ይናገራል። የአንድ ገበሬ ኤኤስቲ 52 ቢሆን፣ የላቦራቶሪው የጤነኛ ጣሪያ ደግሞ 40፣ ሲካፈል 1.3 ይሆናል። ፕሌትሌቱ 160 ሺህ ከሆነ 1.3 በመቶ ተባዝቶ ለ160 ይካፈላል፤ 0.81። በአሮጌው ስሌት ይህ ሰው ሲሮሲስ የለበትም ተብሎ ወደ ሌሎቹ መስፈርቶች ይመለሳል፤ የቫይረሱን መጠን የሚለካ ማሽን በቅርብ ከሌለ ወደ እርሻው። በአዲሱ ግን መድኃኒቱን ይዞ ይወጣል። ደሙም ያው፣ ጉበቱም ያው፤ የተለወጠው ወሰኑ ነው።

የቫይረሱ ምዕራፍ እዚህ ቢደርስም የጠባሳው ታሪክ አላለቀም። በ1980 በአሜሪካው ማዮ ክሊኒክ ዩርገን ሉድቪግ የ20 ሰዎችን ጉበት መርምሮ ግራ ተጋብቶ ነበር፤ የጠጪ ጉበት ይመስላል፣ ሰዎቹ ግን ጠጪዎች አልነበሩም። ብዙዎቹ ወፍራሞች ነበሩ፤ ስኳር ያለባቸውም ነበሩ። በአረቄ የሚያሳብብ ጎረቤት ሁልጊዜ ትክክል እንዳልሆነ ያን ጊዜ ታወቀ፤ ስብ ብቻውንም ጉበትን ጠባሳ ያደርገዋል። የእነዚህን ሰዎች ጠባሳ ለመገመት ዛሬ ሐኪሞች «ፊብ ፎር» የሚባል ስሌት ይጠቀማሉ፤ ዕድሜ፣ ሁለት ኢንዛይሞችና ፕሌትሌት ይበቁታል። ከ1.3 በታች የሆነ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይረጋጋል፤ ያለፈው ወደ ፋይብሮስካን ይላካል።

ይህ ስሌት በ2006 የተቀመረው ኤች አይ ቪና ሄፓታይተስ ሲ አብረው በያዟቸው ሰዎች ላይ ነበር። የጳውሎስ ሐኪሞች አፕሪን የጠየቁትን ጥያቄ አሁን ፊብ ፎርም ሊመልሰው ግድ ነው፦ ወሰኑ የተቆረጠው በማን ጉበት ላይ ነው?