የጢስ ዓባይ ዳገትና የእኔ ጉልበት

ሳልዋ የምሠራበት ቤት ሦስት ፎቅ ነው። ባሕሩ ሩቅ አይደለም፤ ግን ስድስት ዓመት ሙሉ ባሕሩን የማየው ጣሪያውን ሳጥብ ብቻ ነበር። ደረጃውን ቀኑን ሙሉ ስለምመላለስበት «እኔ እኮ ስፖርተኛ ነኝ» እያልኩ ከጓደኞቼ ጋር በስልክ እንስቅ ነበር።

በ2012 ዓ.ም. ጥቅምት ለመጀመሪያ ጊዜ ፈቃድ ወጥቼ ባሕር ዳር ገባሁ። እናቴ «ጢስ ዓባይን ሳታዪ አትመለሺም» አለች። እውነቷን ነው፤ እዚያው ተወልጄ ፏፏቴውን የማውቀው ከአንድ ብር ኖት ላይ ነበር። ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ በሚኒባስ ሄድን። (ዛሬ ለመሄድ ያሰበች መጀመሪያ የመንገዱን ሰላም ቤተሰብ ትጠይቅ።)

የእግር መንገዱ አጭር ነው። ከመንደሩ ቁልቁል ወደ አላታ ድልድይ ትወርጃለሽ፤ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ የድንጋይ ድልድይ ነው፣ ሰው የፖርቹጋሎች ድልድይ ይለዋል። ከዚያ ዳገቱ ይጀምራል። እናቴ ስልሳ ዓመት አልፏታል፤ በላስቲክ ጫማ ጥላኝ ወጣች። እኔ ግማሹ ላይ ጉልበቴ ተያዘና ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ነጠላ የምትሸጥ ትንሽ ልጅ ውሃ ሰጠችኝ። እናቴ ተመልሳ መጥታ ጉልበቴን ዳሰሰችና «ምን ሲያሠሩሽ ነው ልጄ?» አለች። ዝም አልኩ። ለስድስት ዓመት «ደህና ነኝ» ስላት ኖሬ፣ ምን ልበላት?

ፏፏቴው ቁመቱ ከ40 ሜትር በላይ ነው። ውሃው ለኃይል ማመንጫ ስለሚጠለፍ በበጋ ይሳሳል፤ ጥቅምት ላይ ግን ገና ይጮኻል፣ ጢሱ ፊቴን አራሰኝ። ብዙ አልቆየንም። ሐሳቤ ሁሉ መመለሻው ላይ ነበር።

በማግስቱ ሐኪም ጋ ሄድኩ። ተንበርክኬ ወለል እንደምወለውል ነገርኩት። «በሳምንት ስንት ቀን ታርፊያለሽ?» አለኝ። «አላርፍም» ስለው እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

ሳልዋ ስመለስ ሕጉን ያስረዳችኝ የሰፈራችን ልጅ ናት። ኩዌት እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣችው የቤት ሠራተኞች ሕግ፣ ቁጥር 68፣ በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት ከነክፍያው፣ በቀን ከ12 ሰዓት ያልበለጠ ሥራ፣ በዓመት 30 ቀን የሚከፈልበት ፈቃድ ይሰጥሻል። ካልፈቀድሽ አሠሪ ፓስፖርትሽን መያዝ አይችልም። እኔ ሳላርፍ ከሠራሁት ስድስት ዓመት ውስጥ አራቱን ሕጉ ነበረ ማለት ነው!

መዳም ሻይ የምትጠጣበትን ሰዓት ጠብቄ፣ ከሕጉ ሳይሆን ከጉልበቴ ጀመርኩ፤ የሐኪሙን ወረቀት አሳየኋት። አርብ ከሰዓት በኋላን ሰጠችኝ። ሕጉ የሚለው ሙሉ ቀን ነው፤ ግማሹን ይዤ ቀሪውን እስካሁን እየጠየቅኩ ነው። ይሄ ግን ለሁሉም ቤት አይሆንም። የሚመቱሽ ወይም ስልክሽን የሚቀሙሽ ከሆነ ብቻሽን አትጋፈጪ፤ አስቀድመሽ ለምታምኛት ሰው ንገሪ። የሰው ኃይል ባለሥልጣን የቤት ሠራተኞች ክፍል አቤቱታ ይቀበላል።

አሁን ወለሉን የምወለውለው ቆሜ፣ ረጅም እጀታ ባለው መወልወያ ነው። አርብ አርብ ባሕሩ ዳር እሄዳለሁ። እናቴ ስትደውል ሁሌ የምትጠይቀኝ «ዳገት አለው?» ብላ ነው። የለውም።