ይሉኝታ የማያውቁ ስሞች

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የሞለኪውልን ስም ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያወጣው ደንብ ነው፤ ደንብ ደግሞ ይሉኝታ አያውቅም።

አርሶልን እንመልከት። አራት የካርበን አተሞችና አንድ የአርሰኒክ አተም ተያይዘው የሚሠሩት ቀለበት ነው። ሃንችና ቪድማን የተባሉ ኬሚስቶች እ.ኤ.አ. በ1887 እና በ1888 በየፊናቸው ባቀረቡት ደንብ የእንዲህ ያለ ቀለበት ስም ከሁለት ቁራጭ ይገጠማል። ከፊት ካርበን ያልሆነው አተም ይጠራል፤ ከኋላ የቀለበቱን ስፋት የሚናገር ቅጥያ ይከተላል። አምስት አተም ላለውና ድርብ ትስስሩ ለተሟላለት ቀለበት ቅጥያው «ኦል» ነው። ፎስፎረስ ቢገባበት ፎስፎል፣ ሲሊከን ቢገባበት ሲሎል ይባላል። አርሰኒክ ሲገባበት ግን ስሙ እንግሊዞች ሰው ሲሳደቡ ከሚጠሩት የመቀመጫ ክፍል ጋር ገጠመ። ደንቡ ስለማይሻር ስሙ እንዳለ በጥናት ርዕሶች ላይ ይታተማል።

ሌሎቹ ስማቸውን ያገኙት ከተገኙበት ቦታ ነው። ጀርመናዊው ሐኪም ሉድቪግ ብሪገር በ1880ዎቹ ከበሰበሰ ሥጋ ያወጣቸውን ሁለት ውሁዶች አንዱን ከሬሳ ካዳቨሪን፣ ሌላውን ከብስባሽ ፑትረሲን ብሎ ጠራ። የእኛም ኮሶ ከዚህ ዕጣ አላመለጠም፤ ከአበባው የተገኘው አንዱ ውሁድ ኮሶቶክሲን ይባላል፣ የኮሶ መርዝ እንደማለት። ለትል ብሎ የጠጣ ሰው በስሙ ብዙም አይገረምም። ፔንግዊኖን ደግሞ መልኩ ያወጣለት ስም ነው፦ ወረቀት ላይ ሲሳል ፔንግዊን የተባለችውን ወፍ ይመስላል።

ሆን ተብሎ የተቀለደበትም አለ። ሃንጋሪያዊው አልበርት ሴንት-ጆርጂ በ1920ዎቹ መጨረሻ ምንነቱን ያልለየው ስኳር መሰል ነገር አገኘ። የስኳር ስሞች እንደ ግሉኮዝ በ«ኦዝ» ስለሚያልቁ፣ «አላውቀውም» ለማለት ኢግኖዝ አለው። ጥናቱን የላከለት የመጽሔት አዘጋጅ አርተር ሃርደን በሳይንስ አይቀለድም ብሎ መለሰበት። ሴንት-ጆርጂም ሁለተኛ ስም ላከ፦ ጎድኖዝ፣ በእንግሊዝኛ ሲነበብ «እግዜር ይወቀው»። ይኸም ተመለሰ። በመጨረሻ ሄክስዩሮኒክ አሲድ በሚል ቁም ነገረኛ ስም ታተመ።

ያ ነገር ዛሬ ቫይታሚን ሲ የምንለው ነው። ጠባዩ ተመርምሮ ሲታወቅ ሄክስዩሮኒክ አሲድ አለመሆኑ ስለተረጋገጠ አስኮርቢክ አሲድ ተባለ። ከሦስቱ የመጀመሪያ ስሞች ስህተት ሆኖ የተገኘው አዘጋጁ የተቀበለው ብቻ ነው።